ፈጣኑ ዋናተኛ ማን ነው? ከድሬዳዋ ታይዋን የገዛኋቸው ሁለት ሰዓቶች ሲፈተኑ

በሰኔ መጀመሪያ ላይ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ካለች አንዲት ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሁለት ሰዓቶች ገዛሁ። አንደኛው አሠልጣኞች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት፣ ሦስት ቁልፍ ያለው የሩጫ ሰዓት ነው፤ 1,200 ብር ከፍዬበታለሁ። ሁለተኛው በእጅ የሚታሰርና «ዋና ይቆጥራል» የተባለለት ስማርት ሰዓት ሲሆን፣ ከብዙ ድርድር በኋላ በ7,500 ብር ተስማማን። ሁለቱንም ለስድስት ሳምንታት በየቅዳሜው ተጠቅሜባቸዋለሁ። ይህን ግምገማ የምጽፈው ከሁለቱ አንዱን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሰዓቱ በትክክል ምን እንደሚለካለት እንዲያውቅ ነው። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት።

የመግዣው ምክንያት ክርክር ነው። ከከዚራ ብዙም በማይርቅ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምንዋኝ ሰባት ስምንት ሰዎች አለን። ከመካከላችን ሁለቱ ወጣቶች ናቸው፤ አንዱ ከሳቢያን፣ ሌላው ከገንደ ቆሬ ይመጣሉ። የሳቢያኑ ልጅ ቁመተ ረጅምና ዝላዩ የሚያምር ነው፤ ጠርዙ ላይ ሲቆም ሰው ሁሉ ሻዩን አስቀምጦ ያየዋል። የገንደ ቆሬው ደግሞ አጠር ደንደን ያለ፣ ሲዘል ሆዱ ውሃውን በጥፊ የሚመታ፣ አንዴ ከገባ በኋላ ግን የሚያቆመው የሌለ ልጅ ነው። ከሁለቱ ማን እንደሚፈጥን አንድ ዓመት ሙሉ ተከራክረናል። አንድ ቅዳሜ ክርክሩ ከገንዳው ወጥቶ ወደ ዓለም ዞረና «ለመሆኑ የዓለሙ ፈጣን ዋናተኛስ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያዩ ስሞች ጠሩ፤ ሦስቱም አልተሳሳቱም።

በሩጫ እንዲህ ያለ ችግር የለም። የዓለም ፈጣኑ ሰው ሲባል ማንም የ100 ሜትር ሯጭ ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ዩሴይን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ በ9.58 ሰከንድ ከገባ ወዲህ ጥያቄው መልስ አለው። በውሃ ዋና ግን መልሱ ገንዳውን፣ ርቀቱንና መነሻውን ይዞ ይለዋወጣል። አንደኛው ሰው የጠራው ብራዚላዊውን ሴዛር ሲዬሎን ነበር፤ ሲዬሎ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ሳኦ ፓውሎ ላይ 50 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ50 ሜትር ገንዳ በ20.91 ሰከንድ ዋኝቷል። ሁለተኛው የካይማን ደሴቶቹን ጆርዳን ክሩክስን ጠራ፤ ክሩክስ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ቡዳፔስት ላይ ያንኑ 50 ሜትር በ25 ሜትር ገንዳ በ19.90 ሰከንድ በመጨረስ ከ20 ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። ሦስተኛው ቻይናዊው ፓን ዣንሌ ነው አለ፤ ፓን በፓሪስ ኦሊምፒክ 100 ሜትርን በ46.40 ሰከንድ ሲጨርስ በቅርብ የተከተለው ሰው አልነበረም። ስለ ሴቶቹ ያነሣ ግን አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ፉኩኦካ ላይ 50 ሜትርን በ23.61 ሰከንድ የዋኘችውን ስዊድናዊቷን ሣራ ሾስትሮምን ኋላ ላይ በደብተራችን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡትና ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ግን ሦስቱንም ስም አልተቀበሉም። «በቀነኒሳ አገር ተቀምጣችሁ ሃያ ሰከንድ የዋኘን ሰው ፈጣን ትላላችሁ?» አሉ። ነገሩ እንደ ቀልድ ቢነገርም፣ ቤት ገብቼ በሒሳብ ስመረምረው ከጠበቅሁት በላይ ቁም ነገር አገኘሁበት። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰን በሆነለት 12:37.35 የሮጠበት አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 6.6 ሜትር ነው፤ ይህም ከቦልት የ100 ሜትር ፍጥነት 63 በመቶ ያህሉ ነው። አሜሪካዊው ቦቢ ፊንክ በፓሪስ ኦሊምፒክ 1,500 ሜትርን በ14:30.67 ሲዋኝ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.72 ሜትር ነበር፤ የሲዬሎ የ50 ሜትር ፍጥነት 2.39 ስለሆነ ፊንክ የዚያን 72 በመቶ ለአሥራ አራት ደቂቃ ተኩል ይዞ ቆይቷል ማለት ነው። ምክንያቱ ውሃው ነው። ውሃን ሰንጥቆ ለመሄድ የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ (2×2×2 እንደማለት) ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነትን በእጥፍ ለማሳደግ ስምንት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ የአጭር ርቀቱ ዋናተኛ ጉልበቱን ሁሉ አውጥቶም ከረጅም ርቀቱ ዋናተኛ እጅግ ሊርቅ አይችልም፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጠባብ ስለሆነም የሚለካው መሣሪያ ከሩጫው ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ይህን ጥንቃቄ ከ1,200 ብር ሰዓት መጠበቄ ነው።

ሰዓቶቹን ከመፈተኔ በፊት ግን ገንዳው ራሱ መለካት ነበረበት። ሆቴሉ ገንዳዬ 25 ሜትር ነው ይላል፤ ሠራተኞቹም ይህንኑ ይደግማሉ። ጎረቤቴ ግንበኛ ስለሆነ ረጅሙን የብረት ሜትሩን ለአንድ ከሰዓት ተውሼ፣ ጋሼ አንዱን ጫፍ ጥልቁ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ በአውራ ጣታቸው ይዘውልኝ፣ እኔ በጠርዙ ላይ እየተሳብኩ ሌላውን ጫፍ ጥልቀት በሌለው በኩል አስነካሁት። 23.62 ሜትር። ተሳስቻለሁ ብዬ ቦታ ተለዋውጠን ደገምነው፤ ያው 23.62 ሆነ። አንድ ሜትር ከሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር የት እንደገባ የጠየቅነው የሆቴሉ ሰው «ደረጃውን ጨምሮ ነው» ብሎን ሄደ። ደረጃው በጎን በኩል ነው።

ይህ ለቅዳሜ ዋና ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለክብረ ወሰን ግን ሁሉ ነገር ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የ50 ሜትር ገንዳ ከ50 ሜትር ጥቂት እንኳ እንዲያጥር አይፈቀድለትም፤ በጥቂቱ ግን ሊረዝም ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ኮሌጆች የሚወዳደሩበት ገንዳ 25 ያርድ፣ ማለትም 22.86 ሜትር ነው፤ ኬሌብ ድሬሰል እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያ 50 ያርድን በ17.63 ሰከንድ ዋኝቷል፤ ይህን ቁጥር ከሲዬሎ 20.91 ጋር አጠገብ ለአጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ብርና ዶላርን ያለ ምንዛሪ እንደደመረ ይቆጠራል። የእኛ ሰው ይህን ነገር ከማራቶን በደንብ ያውቀዋል። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ 2:03:59 ገብቶ ክብረ ወሰኑን በያዘበት ጊዜ፣ በ2011 ሚያዝያ ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ ቦስተን ላይ 2:03:02 ሮጠ፤ ይሁን እንጂ የቦስተን ጎዳና ከመነሻው ወደ መድረሻው ቁልቁል የሚወርድና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ በመሆኑ ሰዓቱ በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም፤ ክብረ ወሰኑም እስከዚያው ዓመት መስከረም ድረስ በኃይሌ ስም ቆየ። በባሕርና በወንዝ ላይ የሚደረገው የ10 ኪሎ ሜትር ዋናም የዓለም ክብረ ወሰን የማይያዝለት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፓሪስ ላይ በሴን ወንዝ የዋኙት ሰዎች የእያንዳንዱን ዙር ከፊሉን ወንዙን ተከትለው፣ ከፊሉን ከወንዙ ጋር እየተጣሉ ስለሆነ የሚቆጠረው ማን ቀደመ እንጂ በስንት ገባ አይደለም።

አሁን ወደ ሩጫ ሰዓቱ ልምጣ። መሣሪያው ራሱ እንከን አይወጣለትም። ውስጡ ያለው ኳርትዝ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ርካሽ ሰዓት በወር ጥቂት ሰከንዶች ቢዛነፍ እንኳ በ15 ሰከንድ ዋና ውስጥ የሚያመጣው ስሕተት ማያው ላይ ሊታይ የሚችል አይደለም። የድሬ ሙቀት ያበላሸዋል ብዬ ሠግቼ ነበር። ኳርትዙ በ25 ዲግሪ አካባቢ ልክ እንዲሆን ተደርጎ ስለሚሠራ በሙቀት ትንሽ ይዘገያል፤ በ40 ዲግሪ የሚዘገየው ግን በቀን አንድ ሰከንድ አይሞላም። ሙቀቱ የጎዳው ማያውን ነው፤ ፀሐይ ላይ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ስመለስ ቁጥሮቹ በጥቁረት ተውጠው አገኘኋቸው፣ ጥላ ውስጥ ለሩብ ሰዓት ያህል ሲቀመጥ ግን ተመለሰ። ነጸብራቅ የሚከላከል የፀሐይ መነጽር ያደረገ ሰውም ሰዓቱን በተወሰነ አቅጣጫ ካዞረው ምንም አያይም። የማስጀመሪያውና የዙር መያዣው ቁልፎች በቅርጽም በመጠንም አንድ ዓይነት መሆናቸው ትልቁ ጉድለቱ ነው፤ በእርጥብ እጅ ተሳስቼ አንድ ሙሉ ውድድር አጥፍቻለሁ። ጥቁሩ የአንገት ክርም ላብ ሲነካው ቀለሙን ይለቃል፤ ነጭ ሸሚዜ ምስክር ነው።

ዋናው ስሕተት ግን ከሰዓቱ ሳይሆን ከጣቱ ይመጣል። የመጀመሪያው ቅዳሜ የሳቢያኑን ልጅ አንድ ርዝመት ስናስዋኘው እኔ በአዲሱ ሰዓት፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ በስልካቸው ሰዓት ያዝን። 15.21፣ 15.38 እና 15.44 አገኘን። ያው አንድ ልጅ፣ ያው አንድ ዋና፣ በመካከላችን 23 መቶኛ ሰከንድ። (የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ከሰከንድ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ «ማይክሮ ሰከንድ» ይሉታል፤ ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው፣ እኛ የተጣላንበት ግን መቶኛው ነው።) የገንደ ቆሬው ልጅ ሲዋኝ መካከለኛው ሰዓት 15.52 ሆነ። ከሳቢያኑ የተለየው በ14 መቶኛ ነው፤ የሰዓት ያዦቹ ልዩነት ከዋናተኞቹ ልዩነት በለጠ ማለት ነው። በዚህ ሰዓት አሸናፊ አለ ብሎ መፍረድ ድፍረት ይሆናል።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ስንፈልግ ሁለት ነገር አገኘን። ዝላዩ ከጥልቁ በኩል ስለሆነ ሰዓት ያዦቹ የምንቆመው በሌላው ጫፍ ነው፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የጋሼ «ሂድ!» የሚል ጩኸት እኛ ጋ እስኪደርስ 7 መቶኛ ሰከንድ ያልፋል፤ ዋናተኛው ግን አጠገባቸው ስለሆነ ወዲያው ይሰማል። በትልልቅ ውድድሮች ከእያንዳንዱ መነሻ ኋላ ድምፅ ማጉያ የሚተከለው ለዚህ ነው። እኛ ጋሼ እጃቸውን ከፍ አድርገው ከጩኸቱ ጋር እንዲጥሉ፣ ሰዓት ያዦቹም በጆሮ ሳይሆን በዓይን እንዲነሡ አደረግን። ሁለተኛው አውራ ጣት ነው፤ አውራ ጣት ከባድና ዘገምተኛ ሆኖ አገኘነው፤ በሌባ ጣት መጫን ስንጀምር የሦስታችን ቁጥር ተቀራረበ። ስሙን አይታችሁ አትፍረዱበት፣ ከሁሉ ያነሰ ጊዜ የሰረቀው እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ልዩነታችን ከ10 መቶኛ አይበልጥም። ደንቡም እንደ ድሮው ሰዓት በእጅ ሲያዝ ሦስት ሰዎች እንዲኖሩ፣ ሁለቱ ከተስማሙ የሁለቱ፣ ሦስቱም ከተለያዩ የመካከለኛው እንዲወሰድ ያዝዛል፤ ብልህ ሕግ ነው፤ በሽምግልና ከሚፈረደው ብዙም አይርቅም።

ሽምግልናው ግን አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሰናክሏል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ባሸነፈበት በዚያው በ1960 የሮም ኦሊምፒክ፣ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ፍጻሜ አውስትራሊያዊው ጆን ዴቪትና አሜሪካዊው ላንስ ላርሰን እኩል በሚመስል ሁኔታ ገቡ። ሦስቱ የላርሰን ሰዓት ያዦች 55.0፣ 55.1 እና 55.1 ሲይዙ፣ የዴቪት ሦስቱም 55.2 ያዙ። አንደኛ የሚለዩት ሦስት ዳኞች ሁለት ለአንድ ዴቪት አንደኛ ነው አሉ፤ ሁለተኛ የሚለዩት ሦስት ዳኞች ደግሞ ሁለት ለአንድ ያው ዴቪት ሁለተኛ ነው አሉ። የዳኞቹ አለቃ ወርቁን ለዴቪት ሰጡ፤ የላርሰን ሰዓትም ከአሸናፊው እንዳያንስ ተብሎ 55.2 ተደርጎ ተጻፈ። ይህን ታሪክ ለጋሼ ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ሰዓቱን ቀየሩት?» ብለው ጠየቁኝ። ባቡር በሰዓት ሲያስነሡ ለኖሩ ሰው ከወርቁ ይልቅ የከነከናቸው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋናተኛው ራሱ በእጁ ገፍቶ ሰዓቱን የሚያቆምበት ሰሌዳ በገንዳው ግድግዳ ላይ መጣ፤ በኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. ከ1968ቱ የሜክሲኮ ውድድር ጀምሮ አገልግሏል። ጣት ከመካከል ሲወጣ ደግሞ ሰው ወደ ሌላው ጫፍ ሮጠ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በ400 ሜትር ድብልቅ ቀዘፋ ስዊድናዊው ጉናር ላርሰንና አሜሪካዊው ቲም ማኪ ሁለቱም 4:31.98 ገቡ፤ መሣሪያው እስከ ሺህኛ ሲታይ 4:31.981 እና 4:31.983 ስለነበር ወርቁ ለላርሰን ሆነ። ሁለት ሺህኛ ሰከንድ በዚያ ፍጥነት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ መስመር ከሌላው ሳንቲ ሜትሮችን ሊረዝም በሚችልበት ገንዳ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር የሚናገረው ስለ ግንበኛው እንጂ ስለ ዋናተኛው አይደለም። ስለዚህም ስፖርቱ ሺህኛውን ትቶ ወደ መቶኛ ተመለሰ፤ እኩል የገቡትም ሜዳሊያውን አብረው ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ አንቶኒ ኧርቪንና ጋሪ ሆል ትንሹ በ50 ሜትር 21.98 ገብተው ሁለቱም ወርቅ አጠለቁ፤ በ2016 ሪዮ ላይ በ100 ሜትር ቢራቢሮ ማይክል ፌልፕስ፣ ቻድ ሌ ክሎስና ላስሎ ቼህ ሦስቱም 51.14 ገብተው የብር ሜዳሊያውን ለሦስት ወሰዱ። መሣሪያው የሚያሳየውን ሁሉ አለማመን ከመሣሪያው በላይ ዋጋ ያለው ነገር ይመስለኛል።

የእኛ ክርክር ግን በዚህ አላበቃም፤ የገንደ ቆሬው ልጅ «እርሱ የሚቀድመኝ በአየር ላይ ነው» የሚል አቤቱታ አቀረበ። አቤቱታው ፍሬ አለው። ዋናተኛ ከሁሉ የሚፈጥነው ከዝላዩ ወጥቶ ውሃውን በሚነካበት ቅጽበት ነው፤ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ከውሃው በታች ሆኖ በእግር መግፋትም ውሃው ገጽ ላይ ማዕበል እየፈጠሩ ከመዋኘት ይልቅ ሊፈጥን ስለሚችል፣ ሰዎች እስከ ገንዳው ግማሽ ድረስ ሳይወጡ መሄድ ጀምረው ነበር፤ በዚህም ምክንያት ከመነሻና ከመዞሪያ በኋላ ከ15 ሜትር በላይ ተሰውሮ መሄድ ተከልክሏል። የክሩክስ 19.90 ከሲዬሎ 20.91 በአንድ ሰከንድ የሚያንሰውም በ25 ሜትር ገንዳ ርቀቱ ሲጋመስ ግድግዳውን አንድ ጊዜ በእግር ረግጦ መወንጨፍ ስለሚገኝ ነው። ሲዬሎም ቢሆን ከሐሜት አልዳነም፤ ክብረ ወሰኑን የያዘው ሰውነትን አጥብቀው የሚያንሳፍፉት የፖሊዩረቴን የዋና ልብሶች እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2010 ጀምሮ ሊከለከሉ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነበር። በእነዚያ ልብሶች ዘመን በ2009 የሮም የዓለም ሻምፒዮና ብቻ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰብረዋል።

ስለዚህ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ዝላዩን ከሒሳቡ አወጣነው። ከመነሻው በ10ኛውና በ20ኛው ሜትር ላይ ሁለት ሲባጎ በገንዳው ማዶ ለማዶ ወጥረን፣ አንድ ስልክ በሰከንድ 60 ምስል እንዲቀርጽ አድርገን፣ ራስ ከሲባጎ በታች ከሚያልፍበት እስከ ሁለተኛው ድረስ ምስሎቹን ቆጠርን። የሳቢያኑ ልጅ 420 ምስል፣ የገንደ ቆሬው 408 ምስል ወሰደባቸው፤ 7.0 እና 6.8 ሰከንድ ማለት ነው። አሥር ሜትሩን የገንደ ቆሬው ልጅ ቀደመ። ከዚያ አራት ርዝመት፣ ማለትም 94.48 ሜትር አስዋኘናቸው፤ የገንደ ቆሬው በ1:16፣ የሳቢያኑ በ1:22 ጨረሱ። ስድስት ሰከንድ ሲሆን የማንም ጣት ሊያበላሸው አይችልም፤ ሩጫ ሰዓቱ ያለ ምንም ጥያቄ የሚታመነው በዚህ ዓይነት ርቀት ላይ ነው። በአንድ ርዝመት ግን የመለየት አቅም የለውም፤ ለዚያ ስልካችሁ ይሻላል፣ ዋጋውም ቀድሞ ተከፍሏል።

ስማርት ሰዓቱ የተፈተነበት ጉዳይ ይህን ያህል አያደክምም፤ ዳኛ ሊሆን አይችልም። ገንዳውን አያይም፤ እጅ ሲንቀሳቀስና ግድግዳ ላይ ሲረገጥ የሚሰማውን ግፊት ቆጥሮ «አንድ ርዝመት» ይላል፣ ከዚያ ባለቤቱ በነገረው የገንዳ ርዝመት ያባዛዋል። የሆቴሉን ቃል አምኜ 25 ሜትር ብዬ ስለሞላሁት የገንደ ቆሬውን ልጅ ለሁለት ሳምንት ከእውነተኛ ፍጥነቱ 6 በመቶ ያህል ሲያስፈጥነው ቆየ። በኋላ 23.62 ላስገባ ስሞክር ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው። አሁን 24 ላይ ነው፤ አሁንም ያጋንናል፣ በልክ። መነሻና መድረሻውንም አያውቅም፤ ዋናተኛው ከቆመ በኋላ በእርጥብ ጣቱ እስኪያጠፋው ድረስ መቁጠሩን ይቀጥላል። በሳተላይት አቅጣጫ ያያል የተባለውም ውሃ ውስጥ አይሠራም፤ ምልክቱ ውሃን አያልፍም። ለምንድን ነው ታዲያ ያላስመለስኩት? ብቻውን ለሚለማመድ ሰው ስንት ርዝመት እንደዋኘ፣ በአንድ ርዝመት ስንት ጊዜ እንደቀዘፈ፣ የት ላይ እንደደከመ ያለ ደብተር ይነግረዋል፤ በዚህ ረገድ ታማኝ ነው። ሲገዙት ጀርባው ላይ «5 ኤቲኤም» የሚል፣ ሰዓቱ የሚችለውን የውሃ ግፊት የሚያመለክት ጽሑፍ መኖሩን ይመልከቱ፤ ሱቁ መጀመሪያ ያቀረበልኝ «አይፒ68» ብቻ የተጻፈበትን ነበር፤ ያ ዝናብና እጅ መታጠብ ይችላል እንጂ ለዋና የሚመከር አይደለም። ከክሎሪን ውሃ ሲወጡም በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል።

የዋናተኞችን ችሎታ ርቀት ሳይገድብ ለማወዳደር ቀድሞ ፊና ይባል የነበረው የዓለም የውሃ ስፖርት ማኅበር ወርልድ አኳቲክስ የሚጠቀምበትን ስሌትም ሞክረናል፤ ከክብረ ወሰን የሚነሣውን የመነሻ ሰዓት ለዋናተኛው ሰዓት አካፍሎ፣ ውጤቱን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዝቶ በ1,000 ማብዛት ነው። በመርሕ ደረጃ ከሁሉ ፍትሐዊው መለኪያ ይህ ይመስለኛል። የእኛ ገንዳ 23.62 ሜትር ክብረ ወሰን ስለሌለው ግን ስሌቱ እዚያው ቀረ።

የእኔን ፍርድ የሚጠይቅ ካለ፣ የዓለም ፈጣኑ ዋናተኛ በ50 ሜትር ገንዳ 50 ሜትር ነፃ ቀዘፋን የሚያሸንፈው ነው፤ መዞሪያ የለበትም፣ መነሻው ለሁሉም አንድ ነው፣ ሰዓቱን የሚያቆመውም የራሱ እጅ ነው። ጋሼ እስካሁን አልተስማሙም፤ 1,500 ነው ይላሉ።

ስለ ሱቁ ጥቂት ልጨምር። ሻጩ ማሸጊያውን ከፍቼ ሁለቱንም ሰዓቶች እንድሞክር ፈቀደልኝ፣ የሩጫ ሰዓቱን ከስልኩ ጋር አብሮ አስነሥቶ አምስት ደቂቃ አስጠበቀኝና አንድ መሆናቸውን አሳየኝ፤ ትርፍ ባትሪም ያለ ክፍያ ጨመረልኝ። ደረሰኝ ግን የለም፤ ዋስትናውም «እኔ እዚሁ ነኝ» የሚል የቃል ዋስትና ነው። ለ1,200 ብር ዕቃ ይበቃል፣ ለ7,500 ብር ግን ያሳስባል። ሩጫ ሰዓቱን ለማንም አሠልጣኝ እመክራለሁ፤ ስማርት ሰዓቱን ለብቸኛ ዋናተኛ ብቻ።

አሁን ሩጫ ሰዓቱ የሚቀመጠው ጋሼ ዘንድ ነው። ማንም ከመዝለሉ በፊት በባለ መስመሩ ደብተራቸው ላይ ርቀቱን፣ ዝላይ መኖር አለመኖሩንና ሰዓት ያዦቹ ስንት እንደሆኑ ይጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው እጃቸውን የሚያነሡት። የሳቢያኑ ልጅም የአሥር ሜትሩ ውጤት እንደማይሰርዝበት ተከራክሮ፣ የራሱ መስመር ተጽፎለታል፤ «23.62 ሜትር፣ በዝላይ፣ በሦስት ሰዓት ያዥ፣ መካከለኛው፣ 15.38»።